ከግቢው ዕድሜ በላይ የሚኖር ዓሣ

«ዓሣ የሚያድገው በዕቃው ልክ ነው» የሚሉት ነገር አለ። ግቢያችን የሚመጣ እንግዳ ሁሉ ይቺን ይዞልኝ ነው የሚመጣው። ኩሬው ዳር ይቆማል፣ ዓሣዎቹን ያያል፣ ኩሬውን በዓይኑ ይለካል። ከዚያ ወደኔ ዞሮ «አይዞሽ፣ ቦታው ጠባብ ስለሆነ ከዚህ በላይ አያድጉም» ይለኛል። ሊያጽናናኝ ነው። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም።

የኔዎቹ ኮይ ናቸው። ኮይ ለጌጥ የሚረባ፣ ካርፕ የሚባለው የወንዝና የሐይቅ ዓሣ ዘር ነው። ደህና ውሃ ካገኘ ከ60 እስከ 70 ሳንቲሜትር ይረዝማል፣ ከዚያም የሚያልፍ አለ። ትንሽ ኩሬ ውስጥ ዕድገቱ ሲገታ ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ውሃው ነው። ዓሣው በራሱ ቆሻሻ ይመረዛል፣ ኦክስጅን ያጥረዋል፣ ይቀጭጫል። አንድ ልጅ ቢቀጭጭ «ቤታቸው ጠባብ ስለሆነ ነው» ብለን አናልፍም፣ ሐኪም ቤት ይዘነው እንሮጣለን። ዓሣ ስለማይጮህ ነው እንጂ ያው ነው።

ኩሬውን እኔ አልሠራሁትም። ከቤቱ ጋር የነበረ ነው። የቀበናን የድሮ ቪላዎች የምታውቁ፣ በረንዳው ፊት ለፊት የሲሚንቶ ገንዳ፣ መሀሉ ላይ የደረቀ ፏፏቴ ያለባቸውን ታስታውሳላችሁ። ከነሱ አንዱ ነው። እናቴ ለብዙ ዘመን ጌሾ ታደርቅበት ነበር። ሦስት ሜትር በሁለት ሜትር ነው፣ ጥልቀቱ አንድ ሜትር ከሃያ። ሲሞላ ሰባት ሺህ ሊትር ያህል ይይዛል። ለአንድ ትልቅ ኮይ ቢያንስ አንድ ሺህ ሊትር የሚል የተለመደ ሂሳብ አለ። በዚያ ሂሳብ ሰባት ዓሣ ይችላል ማለት ነው። እኔ ያሉኝ አምስት ናቸው፣ ለምን እንደሆነ እመጣበታለሁ።

ዓሣዎቹንም አልገዛኋቸውም። የአክስቴ ልጅ አሜሪካ ሲሄድ «ለጊዜው ያዢልኝ» ብሎ በባልዲ አምጥቶ ሰጠኝ። ያኔ ጣት የሚያክሉ ነበሩ። አሁን እሱም ዜግነት ወስዷል፣ እነሱም ክንድ አክለዋል።

ኮይን ለውበት ማርባት የተጀመረው ጃፓን ውስጥ፣ ኒጋታ የሚባል በረዶ የሚበዛበት ተራራማ አገር ላይ ነው። የሩዝ ገበሬዎች ለቅዝቃዜው ወራት ምግብ እንዲሆናቸው ካርፕ ያረቡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1820ዎቹና በ1830ዎቹ ከመሀላቸው ቀይና ነጭ ቀለም ያላቸው ብቅ ማለት ጀመሩ። ገበሬዎቹ እነዚያን አልበሏቸውም፣ ለዘር አስቀሯቸው። እ.ኤ.አ. በ1914 ቶኪዮ ላይ በአንድ ትልቅ ኤግዚቢሽን ቀረቡ፣ ከዚያ ወዲያ አገሩ ሁሉ አወቃቸው። እ.ኤ.አ. በ2018 አንዲት ነጭና ቀይ ኮይ ከ200 ሚሊዮን የን በላይ ተሸጣለች። ይህን ለዘበኛችን ነገርኩት። ከዚያ ወዲህ ሌሊት ሌሊት ኩሬውን በባትሪ እያበራ ይቆጥራል። የኛዎቹ ተራ ዘር ናቸው ብዬ ብነግረው አልሰማ አለኝ። «እትዬ፣ እርስዎ አይናገሩ እንጂ እኔ ገብቶኛል» ይላል።

የገበሬ ዓሣ መሆኑ ደስ ይለኛል። የተራራ ዓሣ ስለሆነም የቀበና ብርድ አያስደነግጠውም። እንዲያውም ልዩነቱ ሌላ ነው። ኒጋታ ላይ ውሃው ከ10 ዲግሪ በታች ሲወርድ ኮይ መብላት ያቆማል ለማለት ይቻላል፣ ከታች ተኝቶ ወራት ያሳልፋል። አዲስ አበባ ውስጥ እንደዚያ ያለ ረጅም ብርድ የለም። ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ ይበላል። ዓመቱን ሙሉ የሚበላ ዓመቱን ሙሉ ያቆሽሻል። ጌታውም ዓመቱን ሙሉ ዕረፍት የለውም።

አሁን ወደ አምስቱ ልመለስ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ስስ ነው፣ ሯጮቻችን እንጦጦና ሱሉልታ ላይ የሚለማመዱት በዚሁ ምክንያት ነው። ስለ ሳንባ ስናወራ ይህን ሁላችንም እናውቃለን። ስለ ዓሣ ስናስብ ግን ይረሳናል። ውሃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅን የሚወሰነው በላዩ ባለው አየር ግፊት ነው። ባሕር ጠረፍ ላይ 20 ዲግሪ የሆነ ውሃ በአንድ ሊትር 9 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ይይዛል። እዚህ ግፊቱ የዚያ ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ስለዚህ ያው ውሃ ጠግቦ እንኳን 7 ሚሊግራም አይሞላም። ኮይ ደግሞ ከ6 ሚሊግራም በላይ ሲያገኝ ነው ደህና የሚሆነው። በመሀሉ ያለው ትርፍ በጣም ትንሽ ነው። ከውጭ የሚመጣ መመሪያ «ለዚህን ያህል ውሃ ይህን ያህል ዓሣ» ሲል የሚያናግረው ቆላ ላይ ያለን ሰው ነው። እኔ ከሂሳቡ ላይ ሩቡን ቀንሼ ነው የማነበው። ሰባቱ አምስት የሆኑት እንዲህ ነው።

ብርዱ ትንሽ ያግዘናል፣ ቀዝቃዛ ውሃ ከሞቃት ውሃ የበለጠ ኦክስጅን ይይዛልና። ክፉው ሰዓት ንጋት ነው። ቀን ቀን አረንጓዴው አልጌ በፀሐይ ኦክስጅን ይሠራል። ሲመሽ ግን እሱም እንደ ዓሣው ተንፋሽ ነው። ሌሊቱን ሁሉ አብረው ሲስቡ ያድሩና ሊነጋ ሲል የሚቀረው ከሁሉም ሰዓት ያነሰ ይሆናል። ያን ሰዓት መብራት ከሄደ ፓምፑ ይቆማል። ዓሣዎቹ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን እየከፈቱ ይዘጋሉ። እንግዳ ቢያይ «ርቧቸው ነው» ይላል። ራብ አይደለም፣ ታፍነው ነው። ለዚህ ብዬ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ አስቀምጫለሁ። ባትሪውም ካለቀ፣ በጆግ ከኩሬው እየቀዱ ከፍ አድርጎ መልሶ ማፍሰስ ነው። ፒጃማ ለብሶ ለሚሠራ ስፖርት መጥፎ አይደለም።

የውሃው ነገር ደግሞ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ቧንቧችን በፈረቃ ነው የሚመጣው። ሲመጣም ክሎሪን ይዞ ይመጣል። ክሎሪኑ እኛን ከበሽታ ይጠብቃል፣ የዓሣን መተንፈሻ፣ ስንጥቡን ግን ያቃጥላል። ስለዚህ የቧንቧ ውሃ በቀጥታ ኩሬ አይገባም። ለዓሣ ብቻ የተለየ ሮቶ አለን። ክዳኑ ተከፍቶ፣ አየር እየተነፋበት ሁለት ቀን ይቆያል፣ ክሎሪኑ ተንኖ ይሄዳል። ለድንገተኛ ጊዜ ሶዲየም ታዮሰልፌት የሚባል ጨው የሚመስል ነገር አለ፣ ክሎሪንን ወዲያው ያከሽፈዋል። ትንሽ በብልቃጥ ቋጥሬ አስቀምጫለሁ።

ማጣሪያው ሰማያዊ የፕላስቲክ በርሜል ነው። ውስጡ ግንበኞች «ሬድ አሽ» የሚሉት ቀዩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ሞልቶበታል። ወደ ቢሾፍቱ ስትሄዱ ከኮረብታው ሲቆረጥ የምታዩት ነው። ሰው በውድ ዋጋ ከውጭ የሚያስመጣው የፊልተር ዕቃ የሚሠራውን ሥራ ይሄ መንገድ ላይ የሚደፋ ድንጋይ ይሠራል። ምክንያቱም በቀዳዳ የተሞላ ነው፣ በየቀዳዳው ባክቴሪያ ይኖርበታል። ዓሣ በስንጥቡ በኩል አሞኒያ ያስወጣል፣ አሞኒያ መርዝ ነው። አንዱ ዓይነት ባክቴሪያ አሞኒያውን ናይትራይት ያደርገዋል፣ እሱም መርዝ ነው። ሌላው ናይትራይቱን ናይትሬት ያደርገዋል፣ ይሄኛው ካልበዛ አይጎዳም። እነዚህ ባክቴሪያዎች እስኪደላደሉ ከወር በላይ ይፈጅባቸዋል፣ ብርድ ከሆነ ደግሞ ይብስባቸዋል። ኩሬ ሠርቶ በሳምንቱ ዓሣ የሚከት ሰው የሚያልቅበት ለዚህ ነው። ከዚያ «መድኃኒት አድርገውብኝ ነው» ብሎ ጎረቤቱን ይጠረጥራል።

የቀረውን ናይትሬት ለማውጣት በየሳምንቱ የውሃውን አንድ አሥረኛ መቀየር አለብኝ። 700 ሊትር ነው። በ20 ሊትር ጀሪካን 35 ጀሪካን ማለት ነው። ይህን ቁጥር ስጽፈው ያሳፍረኛል። ጎረቤታችን እማማ አንድ ቀን አጥሩ ላይ ተደግፈው ሲያዩኝ ቆዩና «ልጄ፣ እኛ ለጀሪካን ስንሰለፍ አንቺ ለዓሣ ትቀጂያለሽ?» አሉኝ። ቁጣ አልነበረበትም፣ ጥያቄ ነበር። ያ ጥያቄ ለኔ ከኦክስጅኑ ሂሳብ ይከብዳል።

የተወሰነ መልስ አግኝቻለሁ። ክረምት ላይ ከጣሪያው ቆርቆሮ የሚወርደውን ዝናብ በሮቶ እንይዛለን። ለኩሬው የሚሆነው አብዛኛው ውሃ ያን ጊዜ ከሰማይ ነው። ዝናብ ብቻውን ግን አይሆንም። ውሃውን የሚያረጋጋ ማዕድን ስለሌለው አሲዳማነቱ በአንድ ሌሊት ሊገለባበጥ ይችላል፣ ከቧንቧው ጋር መቀላቀል ያስፈልጋል። በጋ ላይ ደግሞ ከኩሬው የሚወጣው ውሃ አንድም ጠብታ ቱቦ ውስጥ አይደፋም። ጎመኑና ቆስጣው ይጠጡታል፣ ናይትሬት ለነሱ ማዳበሪያ ነው። ከአጥሩ ወዲያ ላለው የእማማ ጓሮም በጎማ ይሄዳል። ጎመናቸው ከኔ ይበልጣል። አሁን እሳቸው ናቸው «ዛሬ አትቀይሪም እንዴ?» የሚሉኝ። ግን ልዋሻችሁ አልፈልግም፣ ሂሳቡ አሁንም ሙሉ በሙሉ አይዘጋም። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ትልቅ ዓሣ ማኖር ቅንጦት ነው። ቅንጦት መሆኑን አውቆ መያዝ ይሻላል።

አንድ ጥግ ላይ በሰፊ ሳፋ ቄጠማ ተክለንበታል፣ ከማጣሪያው የወጣው ውሃ በእሱ በኩል ነው የሚመለሰው። ዋናው ኩሬ ውስጥ መትከል አይቻልም፣ ኮይ አፈር ሲቆፍር ነው የሚውለው፣ ሥር አይተውም። ለበዓል ከሳፋው እናጭድና ቤት እንጎዘጉዛለን።

ስለ ምግብ ላውራ። የመጀመሪያው የእንግዳ ጥያቄ ሁልጊዜ «መቼ ነው የምትጠብሷቸው?» ነው። ሁዳዴ ላይ ጥያቄው ይጠነክራል። ከዚያ ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ይነሳና ዓሣዎቹ ራሳቸው ይረሳሉ። ሁለተኛው ችግር ቡና ሲፈላ ነው። ልጆች ፈንዲሻ እየዘገኑ ወደ ኩሬው ይበትናሉ። ትልልቆቹም ከልጆቹ አይሻሉም፣ ዳቦና እንጀራ ይቆርሳሉ። ኮዮቹ ሁሉንም ይውጣሉ፣ እምቢ አያውቁም። እንደ እኛ ዓይነት ጨጓራ የላቸውም። የበሉት ወዲያው ወደ አንጀት ነው የሚያልፈው። ስለዚህ ትንሽ ትንሽ፣ በየጊዜው ነው የሚሻለው። የኔ ሕግ፣ በአምስት ደቂቃ ያልተበላ ነገር በወንፊት ይወጣል። ከውጭ የሚመጣው የኮይ ምግብ ኪስ ያራቁታል። እኔ እሱን በቁጥ ቁጥ እሰጥና የተቀቀለ አተር፣ የቆስጣ ቅጠል፣ አንዳንዴ ብርቱካን እጨምርበታለሁ። ብርቱካን ሲያዩ የሚሆኑትን ብታዩ።

ሰው ይለያሉ ስል የማያምነኝ ብዙ ነው። የካርፕ ዘር ደህና አድርጎ ይሰማል፣ ከአየር ከረጢቱ ወደ ጆሮው ድምፅ የሚያደርሱ ትንንሽ አጥንቶች አሉት። እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ ጥናት ላይ ኮዮች ተለማምደው ብሉዝን ከክላሲካል ሙዚቃ መለየት ችለዋል። የኔዎቹ የሚሰሙት ሌሊት አዛንና ቅዳሴ፣ ቀን የድንጋይ መሰርሰሪያ ነው። የኔን ነጠላ ጫማ ግን ከሁሉም ይለያሉ። ገና ደረጃውን ስወርድ ጥግ ላይ ተሰብስበዋል።

ወፎችን በአጭሩ ልለፍ። ጋጋኖ ጩኸቱ ነው እንጂ ዓሣ አይነካም፣ ሣሩ ላይ ትሉን ይለቅማል። ጭልፊት ትንሹን ሊሞክር ይችላል፣ ክንድ የሚያክለውን ግን አይችለውም። ዋናው ስጋቴ ወፍ ሳይሆን ሕፃን ነው። አንድ ሜትር ከሃያ ውሃ ለልጅ ገደል ነው። ስለዚህ ከውሃው ትንሽ ዝቅ ብሎ የፌሮ ፍርግርግ አስበይጃለሁ። ውበቱን ይቀንሳል፣ እንቅልፍ ግን ይሰጣል። ዓሣ ሊያኖር የሚያስብ ሰው ከፓምፕ በፊት እሱን ይሥራ።

አሁን ወደሚያስጨንቀኝ ነገር ልምጣ። ኮይ ደህና ከተያዘ 25፣ 30 ዓመት ይኖራል፣ ከዚያም በላይ የሚሄድ አለ። ስቀበላቸው ይህን አላሰብኩበትም ነበር፣ «ለጊዜው» ነበር የተባልኩት። ዛሬ የማስበው እሱን ነው። መሀል አዲስ አበባ ላይ ግቢው የዛሬ 30 ዓመት በቦታው ይኖራል ብሎ የሚምል ሰው አለ? ፒያሳ በ2016፣ ካዛንቺስ በ2017 ሲፈርሱ አይተናል። እኛም ወንዝ ዳር ነን። የሚመጣው ጥሩ ይሁን መጥፎ ሌላ ጊዜ እንከራከርበታለን። ልማት ባይመጣ እንኳን ወራሾች አሉ። ወንድሜ በመጣ ቁጥር «ይሄ ቦታ እኮ ፎቅ ነው የሚያወጣው» ይላል። እውነቱን ነው። ሰው ከተነሣ ተለዋጭ ቦታ ወይም ካሳ ይጠይቃል። ለሰባት ሺህ ሊትር ውሃ ግን ቅጽ የለም። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ አምስት ኮይ ይዞ መግባትም አይቻልም።

«ታዲያ ወንዝ ልቀቂያቸው» የሚል አይጠፋም። ቀበና ወንዝ ውስጥ መልቀቅ መግደል ነው። ሐይቅ ውስጥ መልቀቅ ደግሞ ሌላውን መግደል ነው። ካርፕ የሐይቅ ወለል እየቆፈረ ውሃውን ያደፈርሳል፣ የሌላውን ዓሣ ምግብና መራቢያ ያበላሻል። ዝዋይና ቆቃ ውስጥ ካርፕ ከገባ ቆይቷል። ጣና ግን በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የሌሉ ላቤዮባርበስ የሚባሉ የዓሣ ዝርያዎች አሉት። እምቦጭን አስታውሱ። እምቦጭ በብዙ አገር ለኩሬ ጌጥ ተብሎ ነው የተወሰደው፣ አበባው ያምራል። ጣና ላይ እ.ኤ.አ. በ2011 ታየ፣ ከዚያ ወዲያ የሆነውን ታውቃላችሁ። የሚያምር ነገር ከግቢ ሲያመልጥ ምን እንደሚያደርግ እኛ ለመማር ሌላ ምሳሌ አያስፈልገንም።

ስለዚህ ሰዎች «ግቢዬ ሁለት ሜትር ቦታ አለችኝ፣ ስንት ኮይ ልግዛ?» ሲሉኝ መልሴ አጭር ነው፦ አንድም። ጎልድፊሽ ግዙ። እሱም በደንብ ከተያዘ ከአሥር ዓመት በላይ ይኖራል፣ ግን ከኮይ በብዙ ያነሰ ነው። የቢንቢ ዕጭ ይበላል፣ ቀለሙ ያው ቀይ ነው። ቤት ስትቀይሩ በበርሜል ይዛችሁት ትሄዳላችሁ። እንግዳ ደግሞ ልዩነቱን አያውቅም፣ «መቼ ነው የምትጠብሷቸው» ማለቱ አይቀርም።

እኔ አምስቱን ይዣለሁ፣ አልጨምርም። አንዱ ቢሞት አይተካም። ለሌሎቹ ሰበታ ትልቅ ኩሬ ያለው የድሮ የትምህርት ቤት ጓደኛዬን ለምኛለሁ። መጀመሪያ ሳቀ፣ በኋላ ግን እሺ አለ። አንድ ቀን ጠርቶኝ ሄጄ ኩሬውን ለካሁት፣ ማጣሪያውን አየሁት፣ ጥልቀቱ ከኛ ይበልጣል። ስንንቀሳቀስ ክዳን ያለው ሁለት በርሜል፣ የባትሪ አየር ፓምፕና ፒካፕ ያስፈልገናል፣ ከማለዳ በፊት ትራፊክ ሳይጀምር። ከመጫናቸው በፊት አንድ ቀን ምግብ አይሰጣቸውም፣ መንገድ ላይ ውሃውን እንዳያቆሽሹ። ይህን ሁሉ በወረቀት ጽፌ ከጓደኛዬ ስልክ ጋር የቤቱ ካርታ ያለበት ፋይል ውስጥ ከትቼዋለሁ። ወንድሜ ካርታውን መፈለጉ ስለማይቀር ወረቀቱን ከላይ ነው ያደረግኩት።